በርካሽ የተገዛ አሮጌ ጠመንጃ፤ ይለወጥ ወይስ እንዳለ ይያዝ?

በአሜሪካ አገር አነስተኛ እርሻ ላላቸው ወገኖች የቀረበ ትምህርት

ወንድሜ ገበሬ ሆይ፤

ጎመንና ቃሪያ፥ በቆሎና አኩሪ አተር የምታመርት ከሆንህ፥ የሰብልህ ጠላት ድርቅና ተባይ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ነጭ ጅራት የሚባለው አጋዘን በሌሊት ገብቶ የለጋውን ተክል ጫፍ ጫፉን ቀርጥፎት ያድራል። ስለዚህ በአደን ወራት ለሥጋም ለሰብል ጥበቃም የሚሆን ጠመንጃ መያዝ በዚህ አገር ገጠር የተለመደ ነው። አዲሱ ጠመንጃ ግን ውድ ነው። ዕቃ አስይዞ ገንዘብ በሚያበድር ሱቅ ግድግዳ ላይ ወይም በሐራጅ ቦታ፥ ሰደፉ የተጫጫረ፥ ብረቱ የገረጣ አሮጌ ባለ ማንሻ ጠመንጃ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ገበሬውም ይገዛዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ጠመንጃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። አንዱ ጎረቤት «አፈሙዙን አሳጥረው» ይላል፤ ሌላው «መነጽር ትከልበት» ይላል፤ ሦስተኛው «ሰደፉን ጥለህ አዲስ አድርግበት፥ ብረቱንም አስቀባው» ይላል። ገበሬው ምክሩን ሁሉ ሰምቶ የፈጸመ እንደሆነ፥ በርካሽ የተገዛው ጠመንጃ ከአዲሱ ይልቅ ውድ ሆኖ ያርፋል፤ አንዳንድ ጊዜም የነበረውን ዋጋ ያጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ ነገር ግን የተቆረጠ ብረት ተለቅሞ አይመለስም።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ከመቁረጥህና ከመብሳትህ በፊት በምን መንገድ አስበህ እንደምትወስን ማሳየት ነው።

1ኛ. ጠመንጃው እንዴት ይሠራል?

አሜሪካኖች ሊቨር አክሽን የሚሉት ይህ ጠመንጃ ከምላጩ ዙሪያ የብረት ማንሻ አለው። ማንሻውን ወደ ታችና ወደ ፊት ስትገፋው የተተኮሰው ቀለህ ይወጣል፤ መልሰህ ወደ ሰደፉ ስትስበው አዲስ ጥይት ይገባል፥ ጠመንጃውም ለመተኮስ ይዘጋጃል። ቀጭን፥ ቀላልና ለመሸከም የማያስቸግር ስለ ሆነ ገበሬና ከብት አርቢ ሲወዱት ኖረዋል።

በብዛት የሚታወቁት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈውና በ1894 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ዊንቸስተር ሞዴል 94 ነው። ሁለተኛው በ1948 የወጣው ማርሊን 336 ነው። ሦስተኛው በ1899 የወጣው ሳቬጅ 99 ነው። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ጥይታቸውን የሚይዙት ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ሠላሳ-ሠላሳ የሚባለውን ጥይት ይጎርሳሉ። ይህ ጥይት በጫካና በእርሻ ዳር እስከ 150 ያርድ ድረስ ለአጋዘን በቂ ነው።

በቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ የአንዱ ጫፍ የሌላውን መቀጣጠያ ነክቶ ስለሚደረደሩ፥ ጫፉ የሾለ ጠንካራ ጥይት ማጉረስ እጅግ አደገኛ ነው። ጠመንጃው ሲተኮስ በሚመታው ኀይል የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን መቀጣጠያ ወግቶ በቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ድቡልቡል የሆነውን፥ ወይም ለባለ ማንሻ ጠመንጃ ተብሎ ጫፉ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራውን ብቻ ተጠቀም። ሳቬጅ 99 ግን ጥይቱን በቱቦ አይደረድርምና ይህ ችግር የለበትም።

2ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ ደኅንነቱ ይመርመር

ጠመንጃውን እንደ ተቀበልህ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረህ፥ ጣትህን ከምላጩ አርቀህ፥ ማንሻውን ደጋግመህ በማንቀሳቀስ ባዶ አድርገው። በቱቦው ውስጥ የተረሳ ጥይት ሊኖር ስለሚችል በዓይንህም በጣትህም ፈትሽ። ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን ተመልከት፤

ሀ) በአፈሙዙ ላይ የተጻፈውን የጥይት ዓይነት አንብብ። አሮጌ ዊንቸስተር ሁሉ ሠላሳ-ሠላሳ አይደለም፤ 32 ስፔሻል ወይም 38-55 የሚጎርስም አለ። በግምት ጥይት አይገዛም።

ለ) የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን ተመልከት። ጠመዝማዛ መስመሮቹ ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ይልቁንም ጫፉን አስተውል፤ ዊንቸስተር 94 ሳይፈታ ከኋላ ለመጥረግ ስለማይመች ባለቤቶቹ ዘንጉን ከፊት እያስገቡ ሲጠርጉት፥ ጫፉ ላይ ያለው መስመር ተፍቆ ሊያልቅ ይችላል። ማርሊን 336 ግን የማንሻው አንድ ብሎን ሲፈታ ውስጡ ስለሚወጣ ከኋላ ለመጥረግ ይመቻል።

ሐ) ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን እይ።

መ) የብሎኖቹን አናት ተመልከት። አናታቸው ተበልቶ ከሆነ ሙያ የሌለው እጅ ውስጡን ነካክቶታል ማለት ነውና ተጠንቀቅ።

ይህን ከጨረስህ በኋላ ሳትተኩስበት ገንስሚዝ ወደሚባለው የጠመንጃ ጠጋኝ ውሰደው። ጠጋኙ ጥይቱ በሚያርፍበት ጉድጓድና ከኋላው በሚዘጋው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት በልዩ መለኪያ ይለካል። ክፍተቱ ከልክ በላይ የሰፋ ከሆነ ቀለሁ ሲተኮስ ሊቀደድና የጋለ ጋዝ በተኳሹ ፊት ላይ ሊወጣ ይችላል። እንዲሁም መዶሻው በግማሽ ተስቦ የሚቆምበት ጥርስ አለመበላቱን ይፈትናል። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ በጠመንጃው ላይ ከምታወጣው ሁሉ የተሻለው ነው። ፈተናውን ያላለፈና በመጠነኛ ዋጋ የማይጠገን ጠመንጃ፥ ምንም ያህል ውብ ቢሆን፥ አይተኮስበትም። ለማስዋብም ገንዘብ አይወጣበትም።

3ኛ. የያዝኸው ምን ዓይነት ነው?

ደኅንነቱ የተረጋገጠ ጠመንጃ ከሦስቱ ወገኖች በአንዱ ይመደባል። ውሳኔህም እንደ ወገኑ ይለያያል።

የመጀመሪያው ወገን፥ አሮጌ ሆኖ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለው ነው። የዊንቸስተር ፋብሪካ በ1964 የሞዴል 94ን አሠራር ወጪ ለመቀነስ ሲል ለውጧል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትን ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ቀደምት የሳቬጅ 99 ጠመንጃዎችም እንዲሁ ናቸው። የእንዲህ ያለው ጠመንጃ ዋጋ ያለው በማንም ባለመነካቱ ነው። ብረቱ ቢገረጣ፥ እንጨቱ ቢጫጫር እንኳ፥ በዕድሜና በሥራ ብዛት የመጣ ነውና አያስነውረውም። ብረቱን ፈግፍጎ አዲስ ቀለም መቀባት ግን ጠርዙን ያዶለዱማል፥ የተቀረጸውንም ጽሕፈት ያደበዝዛል፤ ዋጋውንም ይጥላል። የተሠራበትን ዘመን ለማወቅ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ተመልከት። የቀደምት ዊንቸስተሮች የፋብሪካ መዝገብ በዋዮሚንግ ግዛት በኮዲ ከተማ ባለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን ከሆነ አትንካው።

ሁለተኛው ወገን፥ በብዛት የተሠራ ተራ የሥራ ጠመንጃ ነው። ከ1964 በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ ዊንቸስተሮችና አብዛኞቹ የማርሊን 336 ጠመንጃዎች ከዚህ ይመደባሉ። እንዲህ ያለውን በልክ ማሻሻል ይቻላል።

ሦስተኛው ወገን፥ የቀድሞ ባለቤቱ የቆረጠው፥ የበሳው ወይም የቀባው ነው። የሰብሳቢ ዋጋ ስለሌለው ልታበላሸው የምትችለው ክብር የለም። ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው መግዛት ያለበት ይህን ነው። ብዙ ሰው ግን ንጹሑን ገዝቶ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውን ደግሞ ንቆ ያልፋል።

4ኛ. እንዳለ ተኩስበት

ጠመንጃህ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፥ ከመለወጥህ በፊት ቢያንስ አንድ የአደን ወቅት እንዳለ ያዘው። ሁለት ፓኮ ጥይት ገዝተህ፥ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ከጠረጴዛ ላይ ተደግፈህ፥ በመጀመሪያ በ50 ያርድ ቀጥሎም በ100 ያርድ ዒላማ ላይ ሞክር። የምታየውንም በደብተር ጻፍ። ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ ከታሰበው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ጥይቱ በአንድ በኩል ተሰብስቦ የሚመታ ከሆነ ጠመንጃው ደኅና ነው፤ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል። ጥይቱ የሚበታተን ከሆነ አስቀድመህ አፈሙዙን በሚገባ ጥረግ፤ ብሎኖቹ አለመላላታቸውንም እይ፤ ሌላ ዓይነት ጥይትም ሞክር። ትከሻህን የሚመታህ ከሆነ ምናልባት ሰደፉ ላንተ አጭር ወይም ረጅም ይሆናል። የፊተኛው ማነጣጠሪያ የሚደበዝዝብህ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ከጠመንጃው ሳይሆን ከዓይንህ ሊሆን ይችላልና አስቀድመህ የዓይን ሐኪም አማክር።

በእርሻህ ላይም ቆመህ አጋዘኑ ከሚወጣበት ከጫካው ዳር እስከምትቀመጥበት ስፍራ ያለውን ርቀት ለካ። ርቀቱ 60 ወይም 80 ያርድ ከሆነ፥ ለ300 ያርድ የሚሆን መነጽር መግዛት ለአህያ የፈረስ ኮርቻ እንደ መጫን ነው።

5ኛ. የሚመለስ ለውጥና የማይመለስ ለውጥ

ለውጥ ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ባሰብህ ጊዜ ነቅለህ የቀድሞውን የምትመልስበትና ከተደረገ በኋላ መመለሻ የሌለው። ሕጉ አጭር ነው፤ የሚመለሰውን አስቀድም፥ የማይመለሰውን አዘግይ።

የሚመለሱት እነዚህ ናቸው። ሰደፉ ላይ የሚጠለቅ የጎማ ትራስ የትከሻን ምት ይቀንሳል፥ ሰደፉንም ያስረዝማል። ባለ ቀዳዳ የኋላ ማነጣጠሪያ ዕድሜው ለገፋ ዓይን እጅግ ይረዳል፤ ብዙ ማርሊኖችና አንዳንድ ዊንቸስተሮች ለዚሁ የሚሆን ቀዳዳ ከፋብሪካ ይዘው ስለሚመጡ አዲስ መብሳት አያስፈልግም። ሰደፉን መለወጥ ካለብህም አዲሱን ግጠምና አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለህ በደረቅ ቦታ አስቀምጥ፤ አትጣለው።

የደረቀ ሰደፍን በተልባ ዘይት በስሱ ማሸት እንጨቱን ያድሰዋል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ወገን ጠመንጃ ከሆነ ይህንም ቢሆን ሳታማክር አታድርግ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በገዛ ራሱ ግሎ እሳት ያስነሣልና፥ ውጭ ዘርግተህ አድርቀው፥ ወይም ውኃ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው። በዚህ ምክንያት ጎተራ እንዳይቃጠልብህ ተጠንቀቅ።

የማይመለሱት ደግሞ እነዚህ ናቸው። አፈሙዝ ማሳጠር ድምፁን ያበረታል፥ የጥይቱን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቱቦውም አብሮ ስለሚቆረጥ የሚይዘው ጥይት ያንሳል። የተለመደው የዊንቸስተር አፈሙዝ 20 ኢንች ስለ ሆነ ቀድሞውኑ አጭር ነው። አዲስ ቀዳዳ መብሳት፥ ብረቱን ፈግፍጎ መቀባትና ሰደፉን በመጋዝ መቁረጥም ከዚሁ ይቈጠራሉ። ምላጩን ማላላት ከሁሉ የከፋ ነው፤ በሙያተኛ ካልሆነ በቀር የተሞረደ ምላጭ ያልታሰበ ተኩስ ያመጣል።

ስለ መነጽር ለብቻው ማወቅ የሚገባህ ነገር አለ። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩት የዊንቸስተር 94 ጠመንጃዎች ቀለሁን ወደ ላይ ስለሚተፉ፥ መነጽር በመካከሉ ቢተከል ቀለሁን ያግደዋል። ማርሊን 336 ግን ወደ ጎን ስለሚተፋና አናቱ ድፍን ስለ ሆነ ይመቻል፤ አብዛኛዎቹም የመያዣውን ቀዳዳ ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። በማርሊንም ቢሆን ሰደፉ የተሠራው ለዝቅተኛው የብረት ማነጣጠሪያ ስለ ሆነ፥ መነጽሩ ከፍ ሲል ጉንጭህ ድጋፍ ያጣል። መዶሻውንም በአውራ ጣት ለመሳብ ወደ ጎን የወጣ መቀጠያ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አንድ ለውጥ ሌላውን እንደሚጠራ አስተውል።

6ኛ. ሒሳቡ

ለትምህርት ያህል ሁለት ገበሬዎችን እናስብ። ሁለቱም እኩል በሆነ 450 ዶላር አንድ ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ ገዙ እንበል።

የመጀመሪያው ገበሬ ለአዲስ ሰደፍ 220፥ ለመነጽርና ለመያዣው 300፥ አፈሙዙን ለማሳጠር 150፥ ለቀለም 280 ዶላር ከፈለ። የለውጡ ወጪ 950፥ ከግዢው ጋር 1,400 ዶላር ሆነ። መሸጥ ባሰበ ጊዜ ግን ገዢው የሚያየው የተቆረጠ አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የመረጠውን ቀለምና ቁመት በሙሉ ዋጋው የሚገዛ የለም።

ሁለተኛው ገበሬ ለምርመራ 60፥ ለጥይት 80፥ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ለመግዛት 110፥ ለጎማ ትራስ 30 ዶላር ከፈለ። ጠቅላላው ከግዢው ጋር 730 ዶላር ሆነ። ማነጣጠሪያውንና ትራሱን ነቅሎ ጠመንጃውን እንደ ነበረ መሸጥ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 670 ዶላር ነው።

አሁን ወደ እርሻህ ተመልከት። ጠመንጃ የሚያገለግለው በተፈቀደ ወራትና አንተ ነቅተህ ባለህበት ሰዓት ነው፤ አጋዘን ግን ዓመቱን ሙሉ፥ ይልቁንም በሌሊት ይበላል። አጋዘንን በእርግጥ የሚያግደው 8 ጫማ ከፍታ ያለው አጥር ነው። አፈሙዝ ለማሳጠርና ብረት ለማስቀባት የታሰበው ገንዘብ የጎመን መደቡን ለማጠር መነሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጠመንጃዬን ልለውጥ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በእውነቱ «ይህ ገንዘብ በእርሻዬ ላይ ከየት ቢውል ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ነው።

7ኛ. ሕጉ

በፌዴራል ሕግ መሠረት ያለ ምዝገባ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ፥ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ መሥራትም መያዝም ወንጀል ነው። በመጋዝ የሚቸኩል ሰው ሳያውቅ እስር ቤት ሊገባ ይችላል። የተቀረጸውን ቁጥር ማጥፋትም እንዲሁ ወንጀል ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሁሉ ቅጽ ሞልቶ ታሪኩ ይመረመራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ እገዳ ከሌለበት መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ግን በሕጉ ከተለዩት ጥቂት ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ ነው።

የአደን ሕግ ከግዛት ግዛት፥ ከካውንቲም ካውንቲ ይለያያል። ለምሳሌ በቨርጂኒያ አጋዘንን በእንዲህ ያለ ጠመንጃ ማደን የማይፈቀድባቸው ካውንቲዎች አሉ። በዚያው ግዛት አጋዘን ሰብሉን ያጠፋበት ገበሬ የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ ልዩ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። አንተም ከመግዛትህ በፊት የግዛትህን መሥሪያ ቤት ጠይቅ። ጠመንጃውንም ባዶ አድርገህ፥ ጥይቱን ለብቻ፥ ሁለቱንም ቆልፈህ ከልጆች እጅ አርቀህ አስቀምጥ።

ማጠቃለያ

ርካሽ ጠመንጃ ርካሽ ሆኖ የሚቆየው ባለቤቱ ታግሦ የያዘው እንደሆነ ነው። አስመርምር፤ ዓይነቱን ለይ፤ እንዳለ ተኩስበት፤ የሚመለሰውን ለውጥ አስቀድም፤ ሒሳቡን ጻፍ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ለመለወጥ ምክንያት ካለህ፥ በዕውቀት የተደረገ ነውና ለውጠው። ምክንያት ያላገኘህ እንደሆነ ግን ጠመንጃውን በስሱ ዘይት ቀብተህ ስቀለውና ወደ አጥርህ ሥራ ሂድ።

ራስህን የምትመረምርባቸው ጥያቄዎች

1. ጠመንጃዬን ሙያተኛ መርምሮ ደኅና ነው ብሎኛልን?
2. በአፈሙዙ ላይ የተጻፈው የጥይት ዓይነት ምንድን ነው?
3. ከሦስቱ ወገኖች የየትኛው ነው?
4. በስንት ያርድ እተኩሳለሁ? ያገኘሁትስ ጉድለት ምንድን ነው?
5. ያሰብሁት ለውጥ ይመለሳልን?
6. በዚሁ ገንዘብ እርሻዬ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይፈልጋል?

ስድስቱን ጥያቄዎች ሳትመልስ መጋዝ አታንሣ።